መድኃኒቱ እየተዋጠ ስለሚመለስ የድብርት በሽታ

ከበሽታ ሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያሳፍረውና ተስፋ የሚያስቈርጠው፥ «እግዚአብሔር ይመስገን ዳንሁ» ብሎ ለዘመድ ለወዳጅ ከተናገረ በኋላ የሚመለስበት በሽታ ነው። መድኃኒቱን በገዛ እጁ አቋርጦ እንደ ሆነ ምክንያቱን ያውቀዋል። ነገር ግን ሐኪም ያዘዘለትን ቀን ሳያጓድል እየዋጠ ሳለ ያ የቀድሞው ጨለማ ዳግመኛ ቢመጣበት ምን ይላል? ቤተ ሰቡስ ምን ይለዋል? ዛሬ በዚህ ገጽ ልንነጋገርበት ያሰብነው ነገር ይኸው ነው።

ክቡራንና ክቡራት አንባቢዎች፥ ድብርት ስንል ቡና ያልጠጣ ሰው ጧት ጧት የሚሰማውን መታከት ማለታችን አይደለም። ሐኪሞች ድባቴ እያሉ የሚጠሩት በሽታ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያህል ሳይለቅ የሚቈይ ሲሆን፥ ሰውየው ቀድሞ ደስ ይለው የነበረው ነገር ሁሉ ይጠላበታል፤ ዕንቅልፉ ይሰበራል ወይም ከመጠን ያልፋል፤ እህል አይቀምሰውም፤ አሳቡን መሰብሰብ ይሳነዋል፤ ራሱን ያለ ጥፋቱ ይኰንናል፤ ሲብስም ሞትን ይመኛል። ይህ የስንፍና ወይም የልግመት ነገር እንዳልሆነ ማንም አስተዋይ ሰው ሊያውቀው ይገባል።

የሚመለስ በሽታ ምን እንደ ሆነ ግን የጋምቤላ ሰው ከሌላው አገር ሰው ይልቅ በቀላሉ ሊያስተውለው ይችላል። ከተማው በባሮ ወንዝ ዳር፥ ከባሕር ወለል በላይ አምስት መቶ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ባለ ቆላ ላይ ያለ ስለ ሆነ፥ ክረምቱ አልፎ ውሃው በየጐድጓዳው ሲተኛ ወባ ይነሣል። ከወባም ዐይነት አንዱ፥ ባለሙያዎች ቫይቫክስ የሚሉት፥ ከደም ውስጥ በኪኒን ከጠፋ በኋላ እንኳ በጕበት ተሸሽጎ ቈይቶ ከብዙ ሳምንት ወይም ከብዙ ወር በኋላ ይመለሳል። ይህ በሚሆንበት ጊዜ «ኪኒኑ ሐሰተኛ ነው» ብሎ ዳግመኛ ከሐኪም ቤት የሚቀር ሰው ጥቂት ነው። «ወባው የተመለሰብህ ልብህ ደካማ ስለ ሆነ ነው» ብሎ የሚዘልፍም ጐረቤት አይገኝም። ደሙ ይመረመራል፥ ሌላ መድኃኒት ይታዘዛል፥ በቃ። ታዲያ ድብርት ሲመለስ በበሽተኛው ላይ የምንፈርደው ስለ ምንድን ነው?

መድኃኒቱ ራሱ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ለፍርዳችን ሳይረዳ አይቀርም። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) በ1952 በኒው ዮርክ በሲ ቪው ሆስፒታል ለሳንባ ነቀርሳ የተሞከረው አይፕሮኒያዚድ የሚባል መድኃኒት ከሳንባው አልፎ የበሽተኞቹን መንፈስ ሲያነሣሣ ታየ። ጥቂት ቈይቶ በስዊስ አገር ሮላንድ ኩን የተባሉ ሐኪም ኢሚፕራሚን የሚባለውን ለሌላ የአእምሮ በሽታ ሲሞክሩት ለዚያ ሳይበጅ ቀርቶ በድብርት የተያዙትን እንደሚያሽል ተመልክተው በ1957 አሳተሙ። በአገራችን በብዛት ከሚታዘዙት አሚትሪፕቲሊን የዚሁ የኢሚፕራሚን ዘመድ ነው፤ ፍሉኦክሰቲን የሚባለው ደግሞ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1987 መጨረሻ ነው። እንግዲህ እነዚህ መድኃኒቶች ከአጋጣሚና ከብዙ ትዕግሥት የተገኙ መልካም ረዳቶች ናቸው እንጂ፥ ኀዘንን ከሥሩ ነቅለው የሚጥሉ አይደሉም። ኀይላቸውም የሚታወቀው በአንድ ቀን ሳይሆን ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ነው።

ምን ያህል ይመለሳል? በእንግሊዝ አገር የተደረገና በ2021 የታተመ አንድ ምርመራ አለ። ብዙ ጊዜ መድኃኒት ሲወስዱ የቈዩና ደኅና ነን ያሉ 478 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ፤ እኩሌቶቹ መድኃኒታቸውን እንደ ያዙ ቀጠሉ፥ እኩሌቶቹ ሳያውቁት ቀስ በቀስ እየተቀነሰ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ተሰጣቸው። ዓመቱ ሲፈጸም መድኃኒቱ ከቀረባቸው ከመቶው 56 ሰዎች ላይ በሽታው ተመለሰ። ይህ የሚጠበቅ ነበር። ነገር ግን መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ከወሰዱትም ከመቶው 39 ሰዎች ላይ ተመልሷል። እነዚህን ሁለት ቍጥሮች አብሮ ማየት ይገባል። የመጀመሪያው መድኃኒቱን መጣል እንደማይበጅ ይነግረናል፤ ሁለተኛው መድኃኒቱን እየዋጠ የታመመ ሰው ብቻውን እንዳልሆነና ጥፋተኛም እንዳልሆነ ይነግረናል።

ለመድኃኒት እንቢ ስለሚል ድብርት በዓለም ላይ ከተጻፉት መካከል አንዱን የጻፉት የእኛ አገር ሰው መሆናቸውን ብዙ አንባቢ አያውቅ ይሆናል። ፕሮፌሰር አበባው ፈቃዱ፥ ኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህርና ተመራማሪ የሆኑት፥ በለንደን በሞድስሊ ሳሉ ከባልደረቦቻቸው ጋራ በ2009 አንድ መለኪያ አውጥተዋል። መለኪያው በሽታው ምን ያህል ጊዜ እንደ ቈየ፥ ምን ያህል እንደ ከበደ፥ ስንት መድኃኒትም ተሞክሮ እንዳልሠራ እየቈጠረ ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ በበዛ መጠን ለመዳን ብዙ እንደሚያደክም ያመለክታል። የሚያስደንቀኝ ነገር ቢኖር በመለኪያው ውስጥ ስለ በሽተኛው ጠባይ የሚጠይቅ ነገር አለመኖሩ ነው። ጊዜው፥ ክብደቱ፥ የተሞከረው መድኃኒት ብቻ! በችሎትም ዘንድ ልማዱ እንዲሁ ነው፤ ዳኛ የሚመለከተው የቀረበለትን ማስረጃ ነው እንጂ የባለጕዳዩን ፊት አይደለም።

እንግዲያስ ማስረጃውን እንመልከት። ድብርቱ ሲመለስ በሽተኛውና ቤተ ሰቡ ሊመረምሩት የሚገባ ነገር አለ፤ በጋምቤላም አገር የተለየ መልክ አለው።

አስቀድሞ መድኃኒቱ በእውነት እንደ ታዘዘው ተወስዷልን? ይህ ጥያቄ ዘለፋ እንዳይመስል በፍቅር ይጠየቅ። ከአዲስ አበባ እስከ ጋምቤላ ያለው መንገድ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መድኃኒት ሲዘገይ፥ ያለውን ለማብቃቃት አንዱን ኪኒን ለሁለት ቀን የሚከፍል ሰው ሞልቷል። እንዲህ ያደረገ ሰው «መድኃኒቴን እወስዳለሁ» ሲል አይዋሽም፤ ነገር ግን ሐኪሙ ካሰበው እኩሌታውን ብቻ እየወሰደ ነው። ደግሞም መድኃኒቱ ድንገት ሲቋረጥ ማዞር፥ መነጫነጭ፥ ዕንቅልፍ ማጣትና ቅዠት ሊያመጣ ስለሚችል፥ ይህን በሽታው የተመለሰ አስመስሎ መቍጠር ቀላል ነው።

ሙቀቱም ሊታሰብበት ይገባል። በየካቲትና በመጋቢት የጋምቤላ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከጣራው ሥር በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ መድኃኒት በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው የሙቀት ልክ ያልፋል። ስለዚህ ከምድጃና ከመስኮት ርቆ፥ በቤቱ ውስጥ ቀዝቃዛና ደረቅ በሆነው ቦታ ይቀመጥ። አሚትሪፕቲሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ ላብ ሊያንሰው፥ አፉ ሊደርቅ፥ ድንገት ሲነሣም ሊያዞረው ስለሚችል በዚያ ወራት በጠራራ ፀሐይ ከመሄድ ይጠበቅ፤ ውሃም አብዝቶ ይጠጣ።

ሁለተኛው የሰውነት ነገር ነው። ወባ ደጋግሞ የያዘው ሰው ደሙ ያንሳል፤ ደም ያነሰውም ሰው ይደክማል፥ ሥራ ይጠላል፥ አሳቡ ይበተናል። የእንቅርት ዕጢ ሥራውን ሲያጓድል እንዲሁ ነው። እነዚህ ሁሉ የድብርትን ልብስ ለብሰው ይመጣሉ፤ የድብርት መድኃኒት ቢጨመርባቸውም አይሰሙም። ሌላም በሽታ ለማከም የሚወሰድ መድኃኒት ነገሩን ሊያውከው ይችላል። ለወባ መከላከያ ተጓዦች የሚወስዱት ሜፍሎኪን አእምሮን እንደሚያናውጥ የታወቀ ነው፤ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን አንዳንዱን የድብርት መድኃኒት ከደም ውስጥ ያሳንሰዋል። በ2016 በአገር አቀፍ በተደረገው የጤና ቈጠራ የኤች አይ ቪ በሽታ ከክልሎች ሁሉ በጋምቤላ በዝቶ ከመቶ 4.8 ሆኖ ተገኝቷል። ለዚሁ በሽታ በአገራችን ለብዙ ዓመት ከዋናዎቹ አንዱ ሆኖ ሲሰጥ የነበረው ኤፋቪረንዝ፥ ኋላ በሌላ ቢተካም፥ ቅዠትንና ድብርትን በማምጣት የታወቀ ነበር። ስለዚህ ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ፥ የሕመም ማስታገሻውን ጭምር፥ በመሐረብ ቋጥሮ ይዞ ይሂድ። ትራማዶል የሚባለው ማስታገሻ ከድብርት መድኃኒት ጋራ ሲገናኝ አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም።

ስለ አረቄ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ማታ ማታ ዕንቅልፍ ለማምጣት የተጠጣው ሌሊቱን ይሰብረዋል፥ በማግሥቱም ልብን ያጨልማል። ጫትም ዕንቅልፍ ነሥቶ እንዲሁ ያደርጋል።

ሦስተኛው ነገር የበሽታው ስም ምናልባት የተሳሳተ እንደ ሆነ መመርመር ነው። አንዳንድ ሰው የሚታመመው በድብርት ብቻ አይደለም። ከዓመት በፊት ወይም በወጣትነቱ ያለ ልክ ደስ ብሎት፥ ሳይተኛ እየዋለና እያደረ፥ ገንዘቡን እየበተነ፥ ቃሉ እንደ ጐርፍ እየፈሰሰ የሰነበተበት ጊዜ ይኖራል። እንዲህ ያለው በሽታ ሌላ ስምና ሌላ ሕክምና አለው፤ የድብርት መድኃኒት ብቻውን ቢሰጠው ሊያባብሰው ይችላል። በሽተኛው ያን ጊዜ እንደ መልካም ዘመን ስለሚቈጥረው ለሐኪሙ አይነግረውም፤ ሊናገር የሚችለው ወንድሙ፥ እኅቱ ወይም የትዳር ጓደኛው ነው።

የቀረው ከሁሉ የሚከብደው ነው፥ እርሱም ኑሮ ነው። በደቡብ ሱዳን በታኅሣሥ 2013 ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ከሦስት መቶ ሺህ የሚበልጡ ስደተኞች ወደ ጋምቤላ ክልል ገብተዋል። በሚያዝያ 2016 ደግሞ ከድንበር ማዶ የመጡ የታጠቁ ሰዎች በኑዌር ዞን መንደሮች ላይ ወድቀው ከ200 በላይ ሰው ገደሉ፥ ከ100 የሚበልጡ ሕፃናትንም ይዘው ሄዱ። ልጅዋ የተወሰደባት እናት ያ ወር በየዓመቱ በተመለሰ ቍጥር ልብዋ ቢጨልም፥ ኪኒኑ አልሠራም ሊባል ይቻላልን? መድኃኒት ሐዘንተኛው እንዲተኛ፥ እህል እንዲቀምስና ከሰው ጋራ እንዲነጋገር ጕልበት ይሰጠዋል እንጂ የተወሰደውን አይመልስም። እንደዚህ ያለው ሰው ከኪኒኑ ሌላ የሚያነጋግረው ሰው ያስፈልገዋል።

ይህም ባዶ ማጽናኛ አይደለም። በዩጋንዳ ገጠር በማሳካና በራካይ አውራጃዎች በ30 መንደሮች የተደረገና በ2003 የታተመ ምርመራ አለ። ሐኪም ያልሆኑ የአገሩ ሰዎች ለሁለት ሳምንት ሠልጥነው በድብርት የተያዙትን በማኅበር እየሰበሰቡ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ16 ሳምንት አነጋገሯቸው፤ ስለ ሞተ ዘመድ፥ ስለ ጠብ፥ ስለ ኑሮ መለወጥ፥ ስለ ብቸኝነት። ያለ አንድ ኪኒን! በመጨረሻው ሲታይ በማኅበሩ ከነበሩት በበሽታው ተይዘው የቀሩት ከመቶ 7 የማይሞሉ ሲሆኑ፥ ማኅበር ካልተደረገላቸው ግን ከመቶ 55 ያህል ነበሩ። እኛ ቡናና ዕድርና ጽዋ ያለን ሕዝብ ይህን ከማንም መለመን አይገባንም ነበር፤ ችግሩ በቡናው ላይ ስለ ዋጋ መወደድና ስለ ሰው ልጅ ጋብቻ እንጂ ስለ ራሳችን ጨለማ አለመነጋገራችን ነው።

በጋምቤላ የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አውቃለሁ፤ ስማቸው ይቅር። ከድብርት ተሽሏቸው ዓመት ያህል ከቈዩ በኋላ፥ ፍሉኦክሰቲናቸውን ሳያቋርጡ፥ በጥቅምት ወር እንደ ገና ያዛቸው። መጽሐፍ አይገልጡ፥ ሰላምታ አይመልሱ፥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መዋል ጀመሩ። አንድ ቀን የመድኃኒቱን ብልቃጥ ወርውረው «ሰው ሲያታልለኝ መኖሩ አንሶ ደግሞ ኪኒን ያታልለኝ!» አሉ። ባለቤታቸው ብልቃጡን ከመሬት አንሥተው፥ «አምና ወባው ሲመለስብዎ ኪኒኑን ባሮ ጣሉት እንዴ? ተመልሰው ታከሙ እንጂ። አሁንም ይነሡ፥ እንሂድ» አሏቸው። እርሳቸውም «አንቺ ደግሞ ማን ጠበቃ አደረገሽ» ብለው ቢቈጡም ሄዱ። ሲመረመሩ ወባው ደማቸውን አሳንሶት ተገኘ፤ ኪኒናቸውም ገና መጀመሪያ በታዘዘው ልክ ላይ እንዳለ ነበር። ለደሙ የሚሆን ተሰጣቸው፥ የኪኒኑም ልክ ከፍ ተደረገ። ለውጡ የታየው በአምስተኛው ሳምንት ነው፤ ዛሬም ቢሆን አንዳንድ ጧት ይከብዳቸዋል። ባለቤታቸው ግን ፀሐይ ሳይበረታ ወንዙ ዳር ድረስ በእግር ወስደው ይመልሷቸዋል፤ ቢፈልጉም ባይፈልጉም። በእኔ አስተያየት ሐኪሙ ካዘዘው የማያንስ ሥራ የሠራው ይህ የጧት መንገድ ነው፤ ድብርት ያለበት ሰው ደስ እስኪለው ቢጠብቅ ከአልጋው አይነሣምና አስቀድሞ መነሣት፥ ደስታውን ኋላ መጠበቅ ይበጃል።

መደረግ የማይገባውም ነገር አለ። በገዛ ሥልጣን ኪኒኑን እጥፍ ማድረግ አይገባም፤ ከጐረቤት ሌላ ዐይነት ተበድሮ መደረብም አይገባም፤ አንዳንዱን ከአንዳንዱ ጋራ ለመለወጥ በመካከሉ የሚቈጠር ቀን አለና። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ቢኖር በእምነቱ ይጠቀም፥ ነገር ግን «ጸበሉ ከመድኃኒት ጋራ አይስማማም» የሚለውን የሰፈር ወሬ ሰምቶ መድኃኒቱን አይጣል፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያደርጉ ብዙዎች ናቸው። ሐኪሙም በበኩሉ ብዙ መንገድ አለው፤ ልኩን ከፍ ያደርጋል፥ ዐይነቱን ይለውጣል፥ ሌላ ይጨምርበታል፥ ከባድ ሲሆንም ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ይልካል። ቀድሞ ለአእምሮ በሽታ የተለየው ሆስፒታል በአገሩ ሁሉ አንድ የአዲስ አበባው አማኑኤል ብቻ በነበረ ጊዜ ከጋምቤላ በሽተኛ ይዞ መሄድ እጅግ የከበደ ነገር ነበር። በ1987 በዚያው በአማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማስተማር ከተጀመረ፥ በ2003 ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ልዩ ሐኪሞች መሠልጠን ከጀመሩ ወዲህ ሕክምናው ወደ ክልሎች እየወጣ ነው።

በመሥሪያ ቤት ኃላፊነት ላይ ላላችሁ አንባቢዎች አንድ ቃል ልጨምር። ትጉህ የነበረ ሠራተኛ ደብዳቤ ማዘግየት፥ ከሰው መሸሽ፥ ያለ ልማዱ መቅረት ቢጀምር፥ ማስጠንቀቂያ ከመጻፍ በፊት ለብቻው ጠርቶ «ወንድሜ፥ ምን ሆነሃል?» ማለት ከማንም ሹም ክብር አይቀንስም። ወረቀቱ በማግሥቱም ይደርሳል።

አንድ ነገር ግን ለማግሥት አይባልም። በሽተኛው «ብሞት ይሻለኝ ነበር» ቢል፥ ዕቃውን ለሰው ማደል ወይም መሰናበት ቢጀምር፥ ቀልድ ነው ተብሎ አይታለፍ። «ራስህን ለመግደል አስበሃልን?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ አሳቡን በልቡ የሚዘራበት የሚመስላቸው አሉ፤ ይህ ስሕተት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሰውየው ሸክሙን የሚያራግፍበት ይሆናል። ያን ሌሊት ብቻውን አይደር፥ በነጋም ጊዜ ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ የሚያሰጋ ከሆነም በሌሊቱ። የእርሻ መርዝና የጦር መሣሪያ ከቤት ይውጣ። አሚትሪፕቲሊን በብዛት ቢዋጥ የሚገድል ስለ ሆነ የወሩ መድኃኒት በቤተ ሰቡ እጅ በቍልፍ ተቀምጦ የዕለቱ ብቻ ይሰጥ።

የዓለም የጤና ድርጅት ለሐኪሞች በሚሰጠው መመሪያ፥ ድብርቱ ከለቀቀ በኋላ መድኃኒቱ ቢያንስ ከ9 እስከ 12 ወር እንዲቀጥል ይመክራል፤ ለተመላለሰበት ሰው ጊዜው ከዚህ ይረዝማል። ይህን ያህል ጊዜ መድኃኒት ሳይጓደል ለማግኘት ቤተ ሰቡ አንድ ደብተር ቢይዝ መልካም ነው። በደብተሩ የመድኃኒቱ ስምና ልክ፥ የተጀመረበት ቀን፥ የዕንቅልፉ ሰዓት፥ የያዘው ወባና ሌላ በሽታ በየቀኑ በአጭሩ ይጻፍ፤ ሐኪሙ ሲለወጥ አዲሱ ከሜዳ አይጀምርም። ከደብተሩ ግርጌ የቀረው ኪኒን ቍጥር ይጻፍ፤ አሥራ አምስት ቀን የሚበቃ ብቻ ሲቀርም፥ ይልቁንም ክረምት ሊገባ ሲል፥ የሚቀጥለውን ወር መድኃኒት ለማምጣት ሰው ይላክ።